እትየ ሀዋና ጢስ የሌለው ባሩድ

እትየ ሀዋ መሞቷን የነገረኝ ከግራና ሽንኩርት ጭኖ መርሳ የገባ የባጃጅ ሹፌር ነው። የቀዳሁለትን ሻይ እያማሰለ፣ «ያቺ ባለጠመንጃዋ ሴትዮ ጠዋት አረፈች። ከዙህር ሶላት በፊት ትቀበራለች መሰለኝ» አለኝ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና ሻይ ቤቱን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በዚያው ባጃጅ ተሳፈርኩ። አልደረስኩም። የሙስሊም ቀብር ዘመድ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፤ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መንገዱን ሁሉ «ትንሽ ቢያዘገዩልኝ» እያልኩ ነበር የሄድኩት። ስደርስ አፈሩ ተደልድሎ ወንዶቹ እጃቸውን ይታጠባሉ።

ለቅሶ ቤት ገብቼም ስለ እሷ ብዙ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም እየዞረ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ለሰይድ ማን ይንገረው?» ሰይድ አንድ ልጇ ነው። ከአገር ከወጣ ቆይቷል። በየት በኩል እንደሚነገረው የሚያውቅ ቀርቶ፣ የሚነገረው ሰው በሕይወት መኖሩን የሚያውቅ የለም። እኔም ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንገቴን ደፍቼ የማስበው ያንን ልጅ ለማትረፍ ብላ ስላደረገችው ነገር ነበር፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በሙሉ ልቡ ይቅር ስላላላት ነገር።

ከመጀመሪያው ላውራው።

ተድሬ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወደ ግራና ስወርድ ማሳችን ከእትየ ሀዋ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነበር። በመጣሁ ሰሞን አረም ስነቅል ሰማይ የተቀደደ የሚመስል ድምፅ ሰማሁና በደረቴ ተደፋሁ። ቀና ስል ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ላይ ነጭ ጢስ እንደ ደመና ተንጠልጥሏል። ከጢሱ ውስጥ አንዲት ረጅም ቀጭን ሴት ሻሿን እያስተካከለች ወረደች። ከቁመቷ ብዙ የማያንስ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አጋድማለች።

«አብሽሪ ሙሽሪት፣ ለዝንጀሮ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «አንቺንማ ገና መች ጠገብንሽ።»

እጄን ይዛ አነሣችኝ። እጇ የተጫረ ክብሪት ይሸታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ ማን ይባላሉ?» ብላት ፊቷን አጨማደደችው።

«አገሩ ሁሉ አንቱ ይለኛል፤ አንዲት ጎረቤቴ እንኳ አንቺ ትበለኝ። አንቱ ሲሉኝ የመቃብሬን ልክ የሚወስዱ ይመስለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። ይኸው ዛሬም አንቺ እንዳልኳት ነው።

ጠመንጃው ከአባቷ የወረሰችው ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው አተኳኮሱን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። በአፉ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ ነው፦ ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለች፣ ጨርቅ ትወትፋለች፣ በረጅም ዘንግ ትጠቀጥቃለች፣ እሳት የምትሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጥንት ሰው እንዲህ ያለውን «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል፤ ጎርሶ እስኪጨርስ ጠላት ቆሞ መጠበቅ አለበትና። እትየ ሀዋ «ዝንጀሮውም ስሙን ያውቀዋል፤ ቆሞ ይጠብቀናል። ከኛ ሰው ይልቅ እሱ አደብ አለው» ትል ነበር። እርሳስ አትጨምርበትም፤ ድምፁና ጢሱ ይበቃታል። መግደል አትወድም። የዝንጀሮዋን ነገር ስናነሣ «እሷም ልጇን አዝላ ነው የምትሰርቀኝ፣ ምን ታድርግ» ትላለች። ከተኮሰች በኋላ ሰደፉን መታ መታ አድርጋ «ተባረክ» ትለዋለች፣ ውሃ እንዳመጣ ልጅ።

ከብዙ ተኩስ የተነሣ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። ሊያጫውታት የሚፈልግ ሰው በግራዋ ይቀመጣል፤ ሊቆጣት የሚመጣውን ግን አውቃ በቀኟ ታስቀምጠዋለች።

ስለ እሳቱ ካነሡባት አታበቃም። ከመርሳም ከሲሪንቃም ከአያቶቻቸው የወረሱትን ነፍጥ ይዘው፣ ለማሳ ጥበቃም ለሰርግም፣ ምክር ሊጠይቋት የሚመጡ ነበሩ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «በምን ልለኩሰው?» ደጃፏ ላይ ቁጭ ታደርጋቸውና የሦስቱን እሳት ጠባይ እንደ አማቾቿ ጠባይ ታወራላቸዋለች።

«ባልጩቱ ደላላ ነው» ትላለች፤ «ብልጭ ብልጭ ይልልሃል፣ ዝናብ ሲያካፋ ይከዳሃል። የመዳቧ ቆብ ጨዋ ልጅ ናት፤ አንዴ መታ ካደረግሃት እሺ ብላ እሳት ትሰጥሃለች። ግን ከየት ታመጣታለህ? ያቺ ልጅ ከተዳረች ቆየች፣ ገበያ ላይ የለችም። ክሩን ያዝ። ክር ሽማግሌ ነው፤ ይዘገያል፣ ይሸታል፣ የያዘውን እሳት ግን አይጥልም።»

የሷም ጠመንጃ የሚሠራው በክር ነው። ጥጡን ራሷ ፈትላ ራሷ ትገምደዋለች። ማማው ላይ ስትወጣ የሚጨሰውን ክር በግራ እጇ፣ የባሩዱን ቀንድ በቀኝ ጎኗ ታደርጋለች። «ባልና ሚስት ናቸው፤ እኔ ሳልፈቅድ አይገናኙም።»

ከኛ በታች የሚያርስ አያ አሊ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ችኩልና ቁጡ፣ ሆዱ ግን ቂም የሌለበት። ዝንጀሮ ከገደሉ ወርዶ ማሳው ጫፍ ሲደርስ ከታች ይጮሃል።

«ሀዋ! ኧረ በአላህ ቶሎ በይ! በልተው ጨርሰው ሊያገሱ ነው እኮ!»

«አሊ፣ ስትቸኩል አይደል ሱሪህን ገልብጠህ ለጁምዓ የሄድከው?» ትለዋለች፣ ባሩዷን ረጋ ብላ እያፈሰሰች። ሴቶቹ ከየማሳችን እንስቃለን። አያ አሊም ይስቃል፣ እየተሳደበ።

በባሩድ ግን ቀልድ የላትም። ጥቁሩን ብቻ ነው የምትቀበል። ከወልዲያ በላይ ደጋው ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ይቀምሙት ነበር፤ እሳቸው ዘንድ ሄዳ መዳፏ ላይ ዘርግታ በአውራ ጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ እርጥበት ካለው ፊቷን ታዞራለች። ሻካራው ለጠመንጃው ሆድ፣ ደቃቁ ለመለኮሻው። የክላሽ ጥይት ፈልቅቆ ባሩዱን የሚያመጣላት ካለ ደግሞ ትቆጣለች። አገራችን ጦርነት የሚመላለስበት ነው፤ ገበሬ አፈር ሲገለብጥ ጥይት ያወጣል። ያ ባሩድ ግራጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሲነድ ጢስ የለውም። ሰውም ንጹሕ ሆኖ ሲያየው የተሻለ ይመስለዋል።

«ጥቁሩ ባሩድ ጮሆ የሚወጣለት ሰው ነው» ትላለች እትየ ሀዋ። «ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ያበቃል። ጢስ የሌለው ደግሞ ቁጣውን የሚውጥ ነው። ለክላሽ ብረት ነው የተሠራ። የኛ አሮጌ ብረት ውስጥ ስታስገባው አፍኖ አፍኖ ይሰነጥቀዋል። ጢስ የሌለው እሳትና እንባ የሌለው ለቅሶ፣ ሁለቱንም አትመኗቸው።»

ይህን ያወቀችው በባሏ ነው። አያ ይማም፣ ልጁ ሰይድ ገና ጡት ሳይጥል፣ ባሩድ አልቆበት፣ ሰው የሰጠውን የጥይት ባሩድ የገዛ ነፍጡን አጎረሰው። ብረቱ እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ተተረተረ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ቀረ። በግራው እርፍ ሊጨብጥ ሞከረ፣ በሬዎቹ አልታዘዙትም። ከዚያ ወዲያ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሌላው ሲያርስ ማየት ሆነ ሥራው። «እጁ በአንድ ቀን ሄደ፤ የቀረው ገላው ግን ዓመታት ፈጀበት» ትለኝ ነበር። ማማው ላይ የወጣችው እሱ መውጣት ሲያቅተው ነው። ሰይድንም ያሳደገችው እጅ እጁን እያየች ነው። ሌላው እናት «ወድቀህ እንዳትሰበር» ስትል እሷ «እጅህን!» ነበር የምትል።

የመጨረሻው ጦርነት በላያችን አልፎ ከሄደ በኋላ የመጣው ክረምት ነው ነገሩን ያመጣው። በሬ የተረፈው ጥቂት ነው፣ ዘር የተረፈው ጥቂት ነው። ተጋግዘን በዶማ ቆፍረን ዘራን። አላህም እግዜርም አይተውን ማሽላው እሸት ሆነ። ከሱ ሌላ የምንበላው አልነበረም፤ እርዳታው «መንገድ ላይ ነው» እንደተባለ ነው። ዝንጀሮው ግን በጦርነቱ ጊዜ ሰው ያልነበረበትን ማሳ ለምዶ መፍራት ትቷል። ወንጭፍ ስንወረውር ዘወር ብሎ ያየናል፤ ጅራፍ ስናጮህ እያኘከ ይሰማናል። የቀረን የእትየ ሀዋ ጠመንጃ ነው። ቀንዷ ውስጥ ያለው ጥቁር ባሩድ ደግሞ እፍኝ አይሞላም።

መርሳ ፈለገች፣ የለም። ወልዲያ ደግሞ ተከትያት ሄድኩ። ከከተማው ወደ ላይ በእግራችን ወጥተን ከሽማግሌው ደጅ ስንደርስ ሚስታቸው ጥቁር ለብሰው አገኘናቸው። እትየ ሀዋ ገና ከሩቁ አይታ ቆመች።

«ሽማግሌውም?» አለች።

«እሳቸውም» አሉን ሴትዮዋ። «ልጆቹም የሉ፣ እቃውም የለ። ባሩድ ፈልጋችሁ ነው? ውሃ ጠጡና ሂዱ ልጆቼ፤ ሌላ ምን አለኝ።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀንዷን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደታመመ ሕፃን ይዛዋለች። ቤት ስንደርስ ሰይድ በር ላይ ጠበቀን። ያኔ ጎረምሳ ነው፤ ቁመቱ የናቱ፣ ትከሻው የአባቱ። ባዶ እጇን መመለሷን ከፊቷ አነበበ።

«እማዬ፣ ሜዳው ሙሉ ባሩድ ነው እኮ። ተኝቶልናል» አላት።

«የተኛ እባብም አለ።»

«ትንሽ ብቻ ብናደርግስ?»

«አባትህም ትንሽ ነበር ያደረገው።»

«እሺ ምን እንብላ? ምክርሽን?»

እትየ ሀዋ ገብታ ክር መግመድ ጀመረች፣ የምትለኩሰው ሳይኖራት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ረፋድ ላይ መንጋው ከገደሉ ወረደ። አያ አሊ ከታች ይጮሃል፣ እኔ ከማማው ሥር ቆርቆሮ እደበድባለሁ። እትየ ሀዋ ማማው ላይ ወጥታ እንደ ልማዷ ባሩዱን አስቀድማ መዳፏ ላይ አፈሰሰችው። እጇ ቀጥ አለ። ወደ ፀሐይ አዞረችው። አሸችው። ከጥቁሩ መሀል ግራጫው ብልጭ ይላል።

«ሰይድ!»

ከማሽላው ውስጥ እየሮጠ መጣ። ደስ ብሎታል፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። «አበዛሁልሽ!» አላት። «ጥቁሩ እንዳያልቅብሽ ቀየጥኩት። ጤፉ ሲያንስ ከማሽላ ጋር ትቀይጪው የለ? እንደዚያው ነው።»

የክፉ ቀን ልጅ ነው። ዱቄት በዱቄት ሲቀየጥ፣ ዘይት በውሃ ሲቀጥን፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲሸፍን እያየ ነው ያደገ። የጥይቱን ባሩድ ለብቻው ስለጠላችው ግማሽ በግማሽ የምትታረቀው መስሎታል። እኔ ብሆንም ይመስለኝ ነበር።

እትየ ሀዋ አልጮኸችም። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው። ከማማው ወረደች። ቀንዱን ከነባሩዱ የመስኖ ቦይ ውስጥ ወረወረችው። ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አጋደመች፤ ዘንጉን ሰድዳ ሆዱ ባዶ መሆኑን አየች፣ ደግማ አየች። ከዚያ ከማማው እንጨት ላይ ምስማር ነቀለችና እሳት በሚገባባት ቀዳዳ ላይ አቆመችው። በድንጋይ መታችው። ዝንጀሮው ማሽላውን እየሰበረ፣ እኛ ቆመን እያየን፣ ምስማሩ ጠልቆ ራሱ እስኪቆረጥ መታችው።

አያ አሊ እያለከለከ ሲደርስ አልቋል።

«ምን አረግሽ? አበድሽ እንዴ ሀዋ? ደብቂው እንጂ ለምን ትገድይዋለሽ!»

«ብደብቀው ያገኘዋል። የኔ ልጅ ነው።»

«ባሩዱን ደፋሽው አይደል? በቃ፣ አልቋል!»

«አገሩ ሁሉ ባሩድ ነው አሊ፤ የቱን ደፍቼ የቱን ልተው?»

አያ አሊ በቀኟ ነበር የቆመው። ዞሮ በደህናው ጆሮዋ በኩል መጣ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ያንቺ ልጅ እጅ አለው። የኛ ልጆች ሆድ የላቸውም?»

ቀና ብላ አየችው። «እውነትህን ነው» አለች። «ወላሂ እውነትህን ነው።» ሌላ አልጨመረችም። ሰይድ ምስማሩን እያየ ቆሞ ነበር፤ ጥርሱ ተከድኗል።

ማሽላው ተበላ። ቆርቆሮ ደበደብን፣ ጨርቅ አውለበለብን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮህን። ከዝንጀሮው የተረፈውን ግሪሳ ወፍ መጥቶ ጨረሰው። የአጨዳ ቀን ማጭዳችንን ይዘን የወረድነው አገዳ ለመቁረጥ ነው፤ እኔም እንደ ሌላው። ሰፈሩ እትየ ሀዋን አልሰደበም። ሰላምታዋን ግን ያሳጥርባት ጀመር። «አሰላሙ አለይኩም» ስትል «ወአለይኩም» ይሉና የቀረውን ይውጡታል። እኔ ደጇን አልተውኩም። የራበው ሰው ከራበው ሰው ጋር ቢቀመጥ ምን ይጎድልበታል?

በበጋው የሰይድ እኩዮች በበረሃው በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ዓረብ አገር መጉረፍ ጀመሩ። ሰይድም ተነሣ። ተደብቆ አልሄደም፤ ነግሯት፣ ጉልበቷን ስሞ ነው የተነሣ። መርሳ የመኪናው መንገድ ድረስ ሸኘነው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሁለቱን እጆቹን ይዛ ገለበጠቻቸው፤ መዳፉን አየች፣ ጣቶቹን እየዳሰሰች አንድ በአንድ አየች፤ አዋላጅ የተወለደውን ልጅ ሙሉነት እንደምታይ። ከዚያ «አደራህን» አለችው። አትሂድ ልትለው አልቻለችም፤ እዚህ አስቀርታ የምታበላው አንድ እፍኝ እህል አልነበራትም።

አንድ ጊዜ በኔ ስልክ ደወለ። «ባሕሩ ዳር ደርሰናል። ነገ እንሻገራለን በያት» አለኝ። አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ስለ ሰይድ ጮኾ አያውቅም። አንዱ «የመን አየሁት» ይላል፤ አንዱ «ያ ጀልባ ሰጥሟል» ይላል። ሞቷል ብላ ሰደቃ አላወጣችለትም። አለ ብላም አልሳቀችም። ማሽላው በሌላ ዓመት በቀለ፣ ሰው ዳግም በላ፣ ሰላምታውም ቀስ በቀስ ረዘመላት። ጠመንጃው ግን ምስማሩን እንደያዘ ጣራው ሥር ተሰቅሎ ቀረ።

ወደ መርሳ ልዛወር ስል አንድ ከሰዓት ደጃፏ ላይ ተቀምጠን ምስር እንለቅም ነበር። እኔ በግራዋ ነኝ።

«ዘውድዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አታባብይኝ ግን።»

«ጠይቂኝ።»

«ያኔ ዝም ብዬው ቢሆን ኖሮስ? ቢተኩስ፣ እጁን ቢያጣ?» ሰፌዱ ላይ እንዳቀረቀረች ነው። «አንድ እጅ ያለው ሰው በረሃ አያቋርጥም። ደላላውም አይወስደው። ይማም መች ሄደ? እያኮረፈም፣ እያጎረስኩትም፣ እዚችው ደጅ፣ እጎኔ ነው የሞተ። ሰይድም እጁ ተቆርጦ ቢሆን ዛሬ እዚህ ቁጭ ብሎ ይሰድበኝ ነበር። ሙሉ ሰው ሆኖ ነው የጠፋብኝ። ሙሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አጠፋሁ እንዴ?»

እንዳላባብላት ተናግራለች፤ እውነቱን ልነግራት ደግሞ አላውቀውም። አፌን ከፍቼ ሳለሁ ከአጥሩ ውጭ «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ። ከሲሪንቃ በኩል የመጣ የማናውቀው ገበሬ ነው። ጀርባው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነፍጥ አዝሏል፤ በእጁ የውሃ ፕላስቲክ ይዟል፤ ውስጡ ግራጫ ነገር ያብረቀርቃል።

«እትየ፣ አንቱ ያውቃሉ ብለው ላኩኝ» አላት። «ዝንጀሮ ጨረሰን። ከዚህ ባሩድ ምን ያህል ላጉርሰው?»

ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ። ምስሩ ደጁ ላይ ተበተነ። እንደዚያ ስትጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቻት አላውቅም።

«ድፋው!»

«እንዴት እትየ፣ ከየሜዳው ለቅሜ ለቅሜ…»

«ድፋው እልሃለሁ! ልጆች የሉህም? በምን ልታቅፋቸው ነው? ድፋው!»

ውሃ በጣሳ አምጥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። የመጨረሻዋ ቅንጣት ውሃ ውስጥ እስክትገባ ከፊቱ አልተንቀሳቀሰችም።

«ማሽላውስ?» አላት ሰውየው፣ ሊያለቅስ ደርሶ። «ዝንጀሮውን ምን ላድርገው?»

«ይብላ» አለችው። «ምን አባቴ ላድርግልህ? ይብላ።»

ባዶ ፕላስቲኩን ይዞ ሄደ። እትየ ሀዋ ተመልሳ ተቀመጠችና የተበተነውን ምስር ከአፈሩ ትለቅም ጀመር። እኔም አጎንብሼ አብሬያት ለቀምኩ። የጠየቀችኝን ግን ደግማ አልጠየቀችኝም።